ፊሽካ

አባቴ ዘበኛ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣
ደብረ ብርሃን ላይ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ።
አንድ የኅዳር ሌሊት፣ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣ፣
ሁለት ጆንያ ሱፍ በአጥር በኩል ወጣ።
ከዚያ በኋላማ ማን ይተኛ ከቶ!
ለድመትም ነፋ፣ ለጉምም ተነሥቶ፤
ሠፈርተኛው ወጥቶ በጋቢ በዱላ፣
ባዶ አጥር ያይና ይመለሳል ኋላ።
«ሸዋንግዛው ለየለት» አሉ እየተሳሳቁ፤
እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ልጆች ምን ሊያውቁ።

አሁን እኔ እዚያው ነኝ፣ ሱፍ ማበጠሪያው ጋ፤
ብናኝ ይጨፍራል ገና ሳይነጋ።
ደረቴ ውስጥ ደግሞ ሲር ሲር የሚል ነገር፣
ቀጭን ፊሽካ አለ፣ አየር ገብቶ ሲቀር።

በሦስተኛው ፈረቃ ወደቅሁ።
ሞትን አየሁ አልልም፤
ያየሁት የጣሪያ ብረት ነው። ስድስት።
ስድስተኛው ላይ ስደርስ
ትንፋሼን መለሰልኝ፣ ማን እንደሆነ እንጃ።

ሲስተር ወሰንየለሽ ማዳመጫዋን አነሣች፤
«ሳንባሽ ዛሬ ሰላም ነው፣ የሚጮኸው እላይ ነው» አለች፤
ጣቷን ግንባሬ ላይ ጣል፦
«ያን ሌሊት ያየ አንጎል ጠባዩን ይለውጣል፤
ትንፋሽ ሲያጥር ይፈራል፣ ሲፈራም ያሳጥራል፤
የቱ ቀደመ ብትዪ፣ ማን ይነግርሻል?»

ዝም አልኩ።
የማን ልጅ እንደሆንኩ አታውቅም።

ጣርማ በር። ሚኒባሱ ዋሻው ውስጥ ገባ።
መስኮቱ ዝግ። የናፍጣ ጭስ።
ከፊታችን የጭነት መኪና፣ የኋላ መብራቱ ቀይ።
ደረቴ አልፏጨም፤
ሌባ የለም፣
ግን ከግንባሬ ኋላ
ሽማግሌው ካፖርቱን ደርቦ ተነሣ፣
ፊሽካውን ጎረሰ።
እጄ ፓፉን ፈለገ፤ ልቤ በሩን ደበደበ፤
አጠገቤ ያለች ሴት «እንኪ፣ ልጄ» ብላ
እፍኝ ቆሎ ዘረጋች፤ መቀበል አልቻልኩም።

አባዬ፣ አልኩት በሆዴ፣
ድመት ናት።
ጉም ነው፣ አባዬ። ቁጭ በል።

አልተቀመጠም።
ግን ዞር ብሎ አየኝ።

ዋሻው ተፋን።
ደብረ ሲና ከገደሉ ሥር ቆርቆሮዋን ታበራለች፤
ሾፌሩ መስኮት ከፈተ፣ የቆላ ሙቀት ገባ፤
ቆሎውን ያኔ ተቀበልኩ።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ
ፊሽካው ሚስማር ላይ ነው፣ ኳሱ ጠፍቶ።
ሠፈሩ ሁሉ ዱላ ይዞ ወጣ እንጂ
አንድ ሰው፣ ሳይስቅ፣
«አየሁልህ፣ የለም፣ ተኛ»
አላለውም።

ነገ ስመለስ መንገዱ ያው ዋሻ ነው።
ለሁለት ሰው እከፍላለሁ።