ክዳን

«የት ነሽ?» አለኝ ወንድሜ። «ባሕር ዳር» አልኩት፤
ሆላንድ ውስጥ መሆኑን ኋላ አስረዳሁት።
ኤንክሃውዘን ነው ስሙ፣ የዘር ነጋዴ አገር፤
ሐይቁ ግራጫ ነው፣ ሰማዩም ግራጫ፣
ነፋሱ ጥርስ አለው፣ የለውም ማምለጫ።

ሥራዬ ዘር ማስተኛት፤ የጎመን፣ የካሮት፣
ሳሕን ሙሉ መቶ ፍሬ፣ በእርጥብ ወረቀት።
ከድኜ፣ አሙቄ፣ ሰባት ቀን ጠብቄ፣
የበቀለ ስንት፣ የቀረ ስንት ብዬ ማሳወቄ።
ይኸው ነው። ቀላል ነው።

ቤሬንድ አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤
ክፉ ቢሆን በጠላሁት፣ ጥላቻ አይከብድም።
ልደቴን ያስታውሳል፣ ኬክ ቆርሶ ይሰጣል፤
ኬኩን ስበላ ግን፣ አጎራረሴን ያያል።

«መቆንጠጫውን ለምን በግራ ያዝሽው?
ከዚህ ነው መጀመር፣ ከዚያ ለምን ጀመርሽው?
ሪፖርቱን ላክሽ ወይ? ከላክሽ፣ ለማን ቅጂ?
እጅ፣ አንድ ጊዜ ነይ። እጅ፣ ይህን አስረጂ።»

እጅጋየሁ ነበር እናቴ ያለችኝ፣
«እጅግ አየሁ» ብላ፣ በጭንቅ ስትወልደኝ፤
ረዘመበት መሰል፣ ሁለት ፊደል ቆርጦ
«እጅ» ይለኝ ጀመር፣ የቀረውን ውጦ።
አያውቅም ትርጉሙን፤ ሳያውቅ ግን ገለጠው፦
እጅን ለእኔ ትቶ፣ ማየቱን ለራሱ ወሰደው።

«ሳይጠይቅ ቅደሚው» አለችኝ ዶሮታ፣
ሃያ ዓመት ሠርታለች፣ ስንቱን አለቃ ረትታ።
ቀደምኩት። ነገርኩት። ስጀምር፣ ስጨርስ፣
ጓንቴን ስቀይር፣ ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ።
አንድ ዓርብ፣ «ቤሬንድ፣ አሁን ልተነፍስ ነው» አልኩት።
አልሳቀም። «ጥሩ» አለ። ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ቀጥሎ ሰሌዳ መጣ፣ የማብቀያው በር ላይ፦
ማን ከፈተ፣ መቼ፣ ለምን፣ ስንት ደቂቃ፣
ሁሉም ይጻፍ አለ፤ በግምት መሥራት በቃ።
ጻፍኩኝ። ታዛዥ ነኝ። አንዲት ሳታመልጠኝ፤
እሱም ሲከፍት ጻፍኩ፤ የራስሽን ብቻ አላለኝ።

ዘር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አይወድም መገለጥ፤
በጨለማ ውስጥ ነው ቅርፊቱ የሚፈርጥ።
ቤሬንድ ግን ይመጣል፣ ክዳን ያነሣል፣
«በቅሏል ወይ?» ይላል፣ በጣት ይዳስሳል፤
ከምሳ በኋላ፣ ደግሞ ከምሳ በፊት፣
ያ ሞቃት እንፋሎት ሲያመልጥ በክፍተት።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት።
ደግሜ ቆጠርኩ። ዶሮታም ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት።
ዘጠና መሙላት ነበረበት።

መጣ። ፊቱ ቀላ። «ማነው የነካካው?
እርጥቡን ወረቀት ማነው አየር ያስመታው?
መዝገቡ የት አለ?»
ከበሩ ላይ ነቅዬ አቀበልኩት።
በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ እንደ ፊደል ተማሪ፦
ሰኞ፣ ጠዋት። ቤሬንድ። ለማየት።
ሰኞ፣ ከሰዓት። ቤሬንድ። ለማየት።
ማክሰኞ። ለማየት። ለማየት።
ሐሙስ፣ አራት ጊዜ።
ቅዳሜ፣ ማንም በሌለበት፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ፊርማ ጨምሮ፦
ቤሬንድ። ለማየት።
እጅጋየሁ፣ አንድ ጊዜ። ውኃ ለመርጨት።

ምን ልበል? ለዚህች ቀን ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣
በአማርኛ፣ በሆላንድኛ፣ በሁለቱም የሚያምር።
አንዱም አልወጣ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ።
አየው፣ ከተተው። ተመልሶ ነዘረ።
ከአምስተርዳም ነው፣ የበላዩ፦ «ስንት በቀለ?»
ለካ እሱም ሳሕን ላይ ነው፤ ክዳኑን የሚከፍትበት አለ።

በማግስቱ አዲስ መቶ ዘር አስተኛሁ፣ ከደንኩ።
ወደ ማምሻው መጣ፤ በሩ ጋ ቆመ፣
ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ እንደ እስረኛ ቆልፎ።
ዓይኑ ክዳኑ ላይ ነው። ላብ አለው ግንባሩ።
«እጅ፣ ስትወጪ መብራቱን አጥፊ» አለ።
አጥፍቼው ነበር።
ኮቴው ኮሪደሩን እስኪጨርስ ጠብቄ
በስልኬ ብርሃን እርሳሴን አነሣሁ፣ ጻፍኩ፦
ማክሰኞ። ቤሬንድ። ቆመ። ሄደ።