ቀልብ በሀረጎ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ፈረቃ ተፈቷል፣
ስድስቱም ቅንድብ ላይ የጥጥ ብናኝ ሞልቷል።
ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው ግቢ፣ ከማሽኑ ራስ ካለው ጽሑፍ
አንዲት ቃል ቀዳሁና ሰሌዳው ላይ ስጽፍ፣
"ዲስትራክትድ" አልኩኝ። "ዲ... ስ... ታ..." አሉ፣
ምላስ እያዳለጣቸው፣ እየሳቁ፣ እየተቀባበሉ።

"እና ምንድን ነው?" አለ ሚስተር ዌይ፣ አንጋፋው፣
አንድ ጣቱን በልጅነቱ ማሽን የቀረጠፈው።
"አለ፤ ግን የለም" አልኩ። አልገባም።
"ሰነፍ?" አለች ሊን። አይደለም።
"እብድ?" አይደለም። "ዝንጉ?" ተይው፣
ዝንጉ ጠባዩ ነው፣ ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጠው፤
ይኼኛው ጤነኛ ነው፣ ንቁ፣ ደህና ሰው፣
አንድ ነገር ከወዲያ ማዶ እጁን ይዞ የሚስበው።

ዌይ ጠመኔውን ተቀበለኝ።
ሁለት ጭረት ሣለ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፤
ከሥራቸው ቢላ።
ቀጥሎ ልብ፤ ሦስት ጠብታ፣ አንድ መንጠቆ፣ የለውም ሌላ።
"ፈን ሺን" አለ። ቢላ የገባበት ልብ።
ደስ አለኝ። "እኛም ዘንድ አለ" አልኩ፣ "ስሙ ቀልብ፣
ከዐረብ የመጣ፤ እዚያም ፍቺው ልብ።
ግን እኛ ቢላ አናነሳም፤
የወሎ ቀልብ አይከፈልም፣ አይቆረስም፤
ይሰረቃል፣ ይገፈፋል፣ ይሸፍታል፣
ባለቤቱን ወንበር ላይ ጥሎ በእግሩ ይሄዳል።"

አቀርቅረው ጻፉ። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ።
ከመስኮቱ ማዶ ሀረጎ በጉም ታጠረ።
ከደሴ የሚወርድ የመኪና መብራት
ብልጭ ይላል፣ ጥምዙ ይውጠዋል። አንድ። ሁለት።
ወንድሜ ይመር አመሻሽ ላይ፣ "ፍሬኑ ደስ አይልም፣
ቢሆንም ልውረድ" ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አያነሳም።
ሦስተኛው ሲከንፍ ወረደ። የእሱ አይደለም፤ እሱ አይከንፍም።

"መምህር፣ ይኼ ቃል ለከብትም ይሆናል?" አለች ሊን ከፊት።
"አራት" አልኳት።

እስክሪብቶ ሁሉ ቆመ።
ያችን ቃል ማንም አልጠራት፤ ማንም አላረመ።
አራት በእነሱ አፍ የሞት ጎረቤት ነው፤
እዚያ ላይ መቆም ነውር ነው።
ዌይ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተተ፣
በጎደለው እጁ የመስተዋቱን ላብ አበሰ፣
ጉሙን ጠበቀው፣
ጠበቀው፣
"ዉ" አለ፣ አምስት፣
ጣቱን ጥምዙ ላይ ደቅኖ።
አምስቱ ተማሪዎች ከኋላው ተሰልፈው፣
የማን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ።