ለስም የተተወ ቦታ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ወር፣ ፎቅ ሦስተኛው ክፍል፣
ብረት መደርደሪያው በብርድ የሚያቃጥል።
አሥራ ዘጠኝ ውሎች፣ አሥራ ዘጠኝ መልኮች፣
ሁሉም የአንድ ገዥ፣ የልዩ ልዩ ሻጮች።
አንዱ ሦስት ገጽ ብቻ፣ በእጅ የተጻፈ፣
አንዱ ሦስት መቶ ገጽ፣ ባሕር የቀዘፈ፣
አንዱ ኪሎዋቱን በሰንጠረዥ ሰፍሮ
መክፈያ ቀኑን ግን በዝምታ ቀብሮ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ከሞላሌ በታች፤
እናቴ ሱፍ ፈትላ ባና ታሠራለች።
ልቃቂት ሲወሳሰብ አትቆጣም፣ አትቆርጥም፤
«ውሉን ፈልጊ» ትላለች፣ «ውል ያለው አይጠፋም»።
ያኔ ውል ክር ነበር። ዛሬ እንጀራዬ ነው፣
ፊርማ ያረፈበት፣ ማኅተም የደቆሰው።

ጥላዬ ወልደፃዲቅ፣ አንኮበር ቁልቁለት፣
የውሃ ወፍጮ ነበረው፣ የወረሰው ካባት።
ድንጋዩን አወጣ፣ ተርባይን ተከለ፣
«ከእህል መብራት ይሻላል፣ አይነቅዝም» እያለ።
ሁለት መቶ ኪሎዋት! ለከተማ ኢምንት፤
እርሱ ግን የሸጠበት ሁለት ጥማድ፣ አንድ ቤት።

ባንክ ሄደ። «ውልህን አምጣ» አሉት።
እኛ ዘንድ መጣ። «የባንክ ደብዳቤ» አልነው።
ሦስት ክረምት እንዲህ ወንዙ በከንቱ ወረደ።
ጠበቃ ቀጠረ፤ ጠበቃው
የጣርማበሩን የነፋስ ኩባንያ ውል
ከነነጠላ ሰረዙ ቀድቶ ሸጠለት፤
ስለ ክንፍ ርዝመት የሚል፣
ስለ መርከብ፣ ስለ ወደብ የሚል።
ጥላዬ ሌሊቱን ሙሉ አነበበው፤
ሲነጋ፣ «ወንዜ ወደብ የለውም» አለ።

በመጨረሻ «አንድ ውል ጻፉ» ተባልን፣
ለትልቁም ለትንሹም የሚሆን፣
እንደ ቁና፣ ሰፋሪው ቢለወጥ የማይለወጥ።
የእነዋሪ ገበያ ሁሉም በየቁናው ቢሰፍር
ጤፍ ሻጩ በምን ያምናል?
አቶ ልሳነወርቅ፣ የፍርድ ቤቱ አሮጌ ጸሐፊ፣
ብዕሩን እያሞቀ፦
«በእኛ ጊዜ ውሉ አጭር ነበር፣
ረጅሙ ዋሱ ነበር» አለ።
አጭር አልወጣልንም። ሠላሳ አንድ ገጽ፣
ባዶ ቦታ ያለው፦
የሻጭ ስም፣ የወንዙ ስም፣ ኪሎዋት፣ ቀን።

ጥላዬን ጠራነው፤ ቀድሞ ያንብብልን ብለን።
በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣
አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ጣቱ ቆመ።

«ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሲደርስ
ሻጭ አይከፈለውም ይላል።
የኔስ ኃይል ከአቅሜ በላይ አይደለም፣ ልኩ ሁለት መቶ ነው።
እሺ፣ ወንዙ ቢሞላ፣ ገደሉ ቢናድ፣
ከእግዜር ጋር አልካሰስም።
የእናንተ ምሰሶ ቢወድቅስ?
ውሃዬ ሳይቆም፣ ተርባይኔ እየዞረ፣
መብራቱን ማን ይጠጣው?»

አሥራ ዘጠኙን ገለጥኩ።
አሥራ ዘጠኙም እዚህ ላይ ዝም ብለዋል።
አቶ ልሳነወርቅ መነጽሩን አወለቀ፣
ጠረገው፣ ሳያደርገው አስቀመጠው።
በዚያ ምሽት ጻፍን፦
መስመሩ የገዥ ከሆነ፣ ጨለማውም የገዥ ነው።
አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተስተካክሎ ተመለሰ፦
በገዥው መስመር ብልሽት ያልተወሰደ ኃይል
እንደተወሰደ ይቆጠራል።
አላማረኝም። ግን ያስከፍላል።

እሑድ እናቴ ደወለች፦
«ውሉን አገኘሽው?»
«ጫፉን» አልኳት።

በሚያዝያ ጥላዬ ሊፈርም መጣ፣
ጫማው ላይ የአንኮበር ጭቃ።
ለስም የተተወችው መስመር ግን አጠረችው፤
ጥላዬ ወልደፃዲቅ ብሎ
«ገብረ» ላይ ሲደርስ ወረቀቱ አለቀበት፤
አያቱን በኅዳጉ ላይ አጣጥፎ አስገባቸው፣
ሽቅብ፣ እንደ ዳገት መንገድ።
«ይሁን» አለ፣ «መውጣት ለምደውታል»።

በሚቀጥለው እትም
መስመሯን ሦስት ጣት አስረዝሜአለሁ።