ጨለማ ክፍል፣ ደሴ

ደሴ ሳይመሽባት እኔ አመሻለሁ፤
ጥቁር መጋረጃ በመስኮቱ ጥዬ፣ መብራት አጠፋለሁ።
ብርሃን አዝሎ የመጣ ብርሃን አይወድም፤
አምፖል ካየ ይደበዝዛል፣ ነገ አይደገምም።

ከባሕር ማዶ ተነሥቶ በበረዶ ሣጥን፣
ጣርማበርን አልፎ፣ ሐረጎን ቧጥጦ የደረሰን እንግዳ
በጠብታ ቆጥሬ አሳርፈዋለሁ
ከጥፍር በቀጠነች የቆዳ ቁራጭ ላይ።

አንቲቦዲ ይሉታል።
ለእኔ ፋኖስ አንጠልጥሎ በየደጁ የሚዞር ጠያቂ ነው፣
ከመንደሩ ሁሉ አንድ ስም ብቻ የሚጠራ፦
«ፊላግሪን የሚባል እዚህ ቤት አለ ወይ?»
ካለ፣ ከነፋኖሱ ደጁ ላይ ያድራል።
ከሌለ፣ ሦስቴ ሳጥበው ከውሃው ጋር ይሄዳል።

አባቴ ይመር ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ
ሃያ ስድስት ዓመት ኖራ ውስጥ ኖረ፤
የከብቱን ቆዳ ሲያለፋ፣ ሲለፋ፣ የራሱ ተሰነጠቀ።
ልጅ ሳለሁ እጁን ስስም ከንፈሬን ይጭረው ነበር።
ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ሁለት ስላይድ አለኝ።
አንዱ የራሴ ነው፤ ለማነጻጸሪያ ከክንዴ ያስቆረጥሁት።
ሰማያዊው ጨረር ሲያርፍበት አረንጓዴ ይወጣል፣
ዳር ዳሩን ይዞ የሚሄድ፣
ክሩ ያልተበጠሰ የነጠላ ጥለት።
ሁለተኛው የሙሐባ ነው፤ አራት ዓመቷ፣ ከኩታበር፣
ሌሊቱን ስታክ የምታነጋ።
ጥለቱ ይጀምራል፣ ይቋረጣል። ጨለማ።
ደግሞ ጉም መሃል እንደቀረ የመኪና መብራት
አንድ ነጥብ፤
ደግሞ ጨለማ።

ቆጥሬ ሳልጨርስ መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ እስኪነሣ እዚያው ቁጭ አልሁ፣
ጨለማ በጨለማ ላይ ተደርቦ፣
ዓይኔ ውስጥ ግን የራሴው ጥለት እየበራ፤
አፈርሁ መሰለኝ።

ጠዋት እናቷ ኮሪደሩ ላይ፦ «ምን አገኛችሁ?»
«አጥሩ ሳስቷል» አልኋት። «ውሃው ይወጣል፣ አቧራው ይገባል።
ከታጠበች በኋላ ገላዋ ሳይደርቅ ቅባት፣ ቶሎ ቶሎ።»
ሳቀች።
«ቅቤ ስቀባት አይደል እንዴ የከረምሁት!
ይኸን ለማወቅ ነው ጨለማ ውስጥ ያመሸሽው?»
«አዎ» አልሁ። ሌላ የምለው አጣሁ።
«አብሽሪ» አለችኝ፣ እኔን፣
ልጇን ወደ ጀርባዋ ሽቅብ እየገፋች።

ማታ ከሆስፒታሉ በር ሁለት ቫዝሊን ገዛሁ።
አንዱን ለሙሐባ።
ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።