ቅዳሜ ማታ፣ ፈረንጅ አራዳ

ዝናብ እንዳባራ በባጃጅ ተጭነን
ፈረንጅ አራዳ ወረድን፣ የናስሮን ደመወዝ አምነን።
ጥብሱ በሸክላው እየተንጫጫ ሲመጣ፣ "ሚጥሚጣ ጨምሪበት!"
ዘቢደር ገና ማይኩ ላይ እፍ ስትልበት፣
ድርግም! መብራት ሄደ።
ጅማ በሙሉ "ኡ!" አለና ሳቀ፤
ጄኔሬተሩም ሁለቴ አስነጥሶ ወደቀ።
ማንም አልተነሳም።
ሥጋ ቆራጩ ወልደየስ ቢላውን ጣውላው ላይ
ጣ፣ ጣጣ፣ ጣ አደረገው፤ እሷም ያለ ማይክ፣ ከቢላው በላይ
ዘፈነችው። ድምጿ ሻካራ፣ ትንሽም ጉንፋን የያዘው፤
ለካ ይህን ቅርበቱን ስፒከሩ ነበር የጋረደው።
የማን ትከሻ እንደነካኝ እስካሁን አላውቅም፣
እግሬን የረገጠኝም ይቅርታ አልጠየቀኝም።
መብራቱ ሲመለስ ሁላችንም አፈርን፤
ናስሮ ግን ሂሳቡን አይቶ፣
"ምነው በጨለማው በኖርን!"