የዕንቁላሉ ሒሳብ

ኬልስቪክ ማለት አንዲት መንገድ ናት፤ ከስንዴ ወጥታ
ስንዴ ውስጥ የምትገባ፣ መሐል ላይ ጥቂት ተኝታ።
ባቡሩ ከቀረ ቆየ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ተሸጠ፤
ረጅሙ የእህል ጎተራ ብቻ፣ ጥላውን ሜዳው ላይ እየጎተተ፣
ሰዓት ሲቆጥር ተቀመጠ።

ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ሄደ፤ ባንኩ ተከተለው፤
በጥቅምት አንድ ሰኞ፣ የሱቁን መስኮት ካርቶን ሸፈነው።
ወተት ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር ራቀ።
ሰው የሚያረጀው በዕድሜ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ዳቦ ሲርቀው ነው።

በኅዳር፣ በከርሊንግ አዳራሽ፣ ዘጠና ሦስት ሰው ታደመ፤
ማሞቂያው ከሽማግሌዎቹ እኩል ሲያስል፣ አይለይም ማን እንደ ታመመ።
ዴልፊን ተነሣች፣ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌሯ፦ «ሱቁን እኛው እንግዛው።»
መልስ የሰጠ የለም፤ ጫማውን ያየ ነው የሚበዛው።
አንድ ድርሻ አምስት መቶ ዶላር። ትርፍ ይገኛል ተብሎ ቃል አልተገባም፤
ኪሳራ ቢመጣ ግን የጋራ ነው፣ ማንም ብቻውን ጉድጓድ አይገባም።

ዕቁብ ነው አልኩ በልቤ፤ ግን ዕጣ የማይወጣበት፣
ሁሉም ጥሎ ሁሉም የሚጠብቅበት፣ ዳኛው ክረምት የሆነበት።

አዛውንቱ ኦሬስት ቆባቸውን አወለቁ።
«አባቴም እንዲሁ ተሰብስቦ ነበር፣ ለወተት ማኅበር፤
ደብተሩ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ብሩ ነው የት እንደ ገባ የማይታወቅ ነገር።
እኔ የለሁበትም።»
ወጡ። በሩን ግን ቀስ አድርገው ዘጉት።
ሌላው ቁጣቸውን አየ፤
እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፣ ትንሹን ነው የምመዘግበው።

ሬጂና ያለው ባንክ ጻፈልን፦ «የነዋሪያችሁ ቁጥር ለብድር አይበቃም።»
ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ነን፣ ከነአራሷ ልጅ።
እንግዲያው መዝገቡን ከፈትኩ።
ሮዛሊንዳ ከአረጋውያን ቤት፣ ማታ ማታ፣ በሃያ በሃያ ዶላር ከፈለች።
የአምስተኛ ክፍል ልጆች ባዶ ጠርሙስ ለቅመው ስልሳ ሦስት ከአርባ አመጡ፤
ሳንቲሙ ይሸታል፣ ለስላሳ ይሸታል፣ ጣቴ ላይ ሰነበተ።
ቶርቫልድና ሌይፍ፣ ከተጣሉ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ወንድማማቾች፣
በአንድ ቀን መጡ፤ አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በጓሮ።

በየካቲት ከፈትን። በሳምንቱ ማቀዝቀዣው ሞተ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ አንበሳ ከየት ይመጣል?
ያለን የተበላሸ ሞተር ነው፣ እሱም ባለሙያ እስኪመጣ አራት ቀን ይፈጃል።
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፤ ሥጋውን በረንዳ ላይ ደረደርነው፤
ቀበሮ እንዳይበላው ሌሊቱን በፈረቃ ጠበቅነው።
ሦስተኛው ሌሊት የወንድማማቾቹ ነበረ። ተራ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤
ስሕተት ነው ብያለሁ፣ ማንም አላመነኝም።
ሌይፍ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝም አለ፤
ከዚያ «ይበርዳል» አለ።
ቶርቫልድም «ይበርዳል» አለ።

ዓመቱ ዞረ። ትርፋችን አርባ ዶላር ከሃያ ሳንቲም።
አምፖል ገዛንበት።

ኦሬስት በየማክሰኞው ይመጣሉ።
ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ አንድ ደርዘን ዕንቁላል ያነሣሉ፣
አንድ በአንድ ከፍተው ያያሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይወጣሉ።
በግቢያቸው ሠላሳ ዶሮ አላቸው።
ዴልፊን አንድ ጊዜ ልትጠይቃቸው አፏን ስትከፍት
እግሯን ከባንኮኒው ሥር ረገጥኩት።

በመዝገቤ እንዲህ ይላል፦
ማክሰኞ፤ ዕንቁላል፤ አንድ ደርዘን፤ ጥሬ ገንዘብ።
ድርሻ በሚለው ዐምድ ስማቸው የለም።
ከ«ነ» ፊደል በላይ ግን
አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ።