አገር ስጡኝ

ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው፣
የኔን ሰዓት መጠገኛ ከሌዳሞ ፎቶ ቤት የሚለየው
አንድ ቆርቆሮ ነው።
ሲያስነጥስ «ይማርህ» እላለሁ፤
ስሳሳት ሲስቅብኝ እሰማለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፎቶ ቤቱን ገና ሳይከፍት፣
አንዲት ፎቶ ይለጥፋል በመስኮቱ መስተዋት፤
ነገሩ የለባት፣ ጥጉ ብቻ ነው ያለባት።
ከሥሯ በቀይ እስክሪብቶ፦ «እንቆቅልህ!
ካወቅህ፣ አራት ጉርድ ፎቶ በነፃ አለህ።»

የመጀመሪያዋን አልረሳም፦ የተሰነጣጠቀ ሜዳ፣
ዝናብ የከዳው፣ ለሣር እንግዳ።
ምናሴ፣ ባለ ባጃጁ፣ «የመቂ መንገድ ነው» ብሎ ማለ፤
ዳንጊሶ ከዓሣ ገበያ፣ ቢላውን እንደያዘ፣ «የአባ ኮዳ እግር ነው» አለ፤
አስካለች ግን ከስፌት መኪናዋ፣ ክር እየበጠሰች በጥርሷ፣
«የደረቀ ሳሙና» አለች። ልክ ነበረች እሷ።

ከዚያማ የሰፈሩ ሰው አመሉ ተበላሸ፦
ሰላም ሲሉት እጅ ትቶ የጥፍር ጥግ ያያል፤
በቆሎ እሸት ሲበላ ፍሬውን አስጠግቶ
«ይሄ ቢነሳ ምን ይመስላል?» ይላል።
ምናሴ ተሳፋሪ እንደጫነ መሀል መንገድ ቆመ፣
የጎማው ጥርስ ውስጥ የገባች የአቮካዶ ልጣጭ እያየ ተደመመ።

የጥርስ ብሩሽ አየን፣ የሐይቅ ዳር ደንገል መስሎ።
የእንሰት ቃጫ አየን፣ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርጎ።
የቆሮሶ ቅርፊት አየን፣ አዲስ ጣራ፣ የሚያብረቀርቅ፤
ዳንጊሶ ሃያ ዓመት ገፎት፣ እሱን እንኳ አለማወቅ!
እኔም ሳልሸሽግ ላውራ፦ የሰዓት ጥርስ ቢለጥፍ፣
ቀን ሙሉ በማጉያ የማየውን፣ «መጋዝ ነው» ብዬ እርፍ።

ያቃተን ቀን እጁን ይዘረጋል፣ «አገር ስጡኝ!» ብሎ፣
ስልሳ ዓመቱን እንደ ጃኬት ከትከሻው ላይ ጥሎ።
«ይርጋለም!» — «ትንሽ ናት፣ ጨምሩልኝ!»
«ሻሸመኔ!» — «ጫጫታዋን አስቀሩልኝ!»
«ወንዶ ገነትን ከነፍልውኃዋ፣ ካሻህ!»
— «አሃ! አሁን ገና መጣህ!»
ወንዶ ገነት ላይ ይነግሣል፤ ገላውን ይታጠባል፤
እኛን አንድ በአንድ ይሰድበናል፤
መልሱን ከዚያ በኋላ፣ እንደ ሸንኮራ ልጦ ይሰጠናል።

የጥቅምቷ ግን…
ግራጫ፣ ለስላሳ፣ መሀሏ ላይ አንድ ጉድጓድ፣
ከጉድጓዱ ጫፍ ብርሃን፣ ቀጭን፣ እንደ መንገድ።
ሳምንት አለፈ። ሁለት። አስካለች ክር አልበጠሰችም።
«የግመል አፍንጫ» ተባለ፣ «የአመድ ክምር»፣ «የጉማሬ ጆሮ»፤
ማቱሳላ፣ ተማሪው፣ «ጨረቃ ናት» ብሎ ቆረጠ፣ ስድስት ምክንያት ደርድሮ።
አገር ሰጠነው። ከተማ አለቀብን፦ ሀገረ ሰላም፣ ዲላ፣
ለኩ፣ አለታ ወንዶ፣ ታቦር ተራራ፣ ሐይቁንም ሌላ።
ሁሉንም ተቀበለ። አልነገሠም። አልሰደበንም።
መልሱንም አልነገረንም።

ማታ ቆርቆሮውን በጣቱ መታ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«እኔም አላውቀውም» አለኝ። «ካሜራው ውስጥ ነው ያገኘሁት።
መቼ እንዳነሳሁት፣ ከማን ቤት፣
ጠፋኝ። ከእናንተ አንዱ ቢነግረኝ ብዬ ነው የለጠፍኩት።»
ትዝ አለኝ፦ ባለፈው ሳምንት መቀስ ፈልጎ፣
«ያን… የሚቆርጠውን» ነበር ያለኝ፣ ሁለት ጣቱን ከፍቶ ዘግቶ።
ማጉያዬን ከዓይኔ አወረድኩ። ምን እላለሁ?
«ታዲያ ያን ሁሉ አገር በላህ?»
«እመልሳለሁ።»

ሐይቁ ላይ የምትጠልቀው ፀሐይ መስኮቱን በቀጥታ ታያለች፤
ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ፎቶዋን ቀስ እያለች ላሰች።
ግራጫው ሄደ። ጉድጓዱ ሄደ። ነጭ ወረቀት ቀረች።
እሱ ማንሳት አልቻለም፤ እኛም ማለፍ አልቻልን፤
አሁንም እየቆምን እንገምታለን።

ትናንት የምናሴ ልጅ፣ አምስት ዓመት ያልሞላት፣
አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ «ወተት!» አለች፣ እንደ ዘበት።
ጋሽ ሌዳሞ እየሮጠ ወጣ፤ አንዱ እግሩ ላይ ጫማ የለም፤
ወንበር ላይ አቁሞ አነሳት። አራት ጉርድ። አልሳቀችም።

ሐይቁን ማታውኑ መልሶልናል፤
ዛሬ ደግሞ ታቦርን።
ሻሸመኔ ገና ነው።